የኤን ዋይ ኮፍያ በ350 ብር፦ ኮፍያውም ክለቡም ሲመዘኑ

ኮፍያውን የገዛሁት ደብረ ማርቆስ ገበያ፣ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። 450 ብር አለኝ። 250 አልኩት። ሳቀብኝ። ትቼው ሄድ ስል ጠራኝና በ350 ተስማማን። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ፊቱ ላይ ኤን እና ዋይ እርስ በርስ ተቆላልፈው በነጭ ክር ተጠልፈዋል። ታውቁታላችሁ። ከደጀን ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው አናት ላይ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ረዳቱ ላይ ነው።

የፈለግሁት ፀሐይ የሚከልልልኝ ነገር ብቻ ነበር። ነገር የመጣው አጎቴ ሲመጣ ነው።

አጎቴ ከአማኑኤል ወዲያ ገጠር ነው የሚኖረው። አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ዱላ፤ ሙሉ ጎጃሜ። ለገበያ ሲመጣ እኛ ቤት ያርፋል። ቡና እየተፈላ ኮፍያዬን አየ፣ አየና፣ "ይኼ ጽሕፈት ምን ይላል?" አለኝ።

"ኒውዮርክ ማለት ነው ጋሼ። የአሜሪካ ከተማ ነው።"

"እዚያ ዘመድ አለህ?"

"የለኝም።"

"የምን ነው ታዲያ? የመንግሥት ነው? የማኅበር ነው?"

"የኳስ ቡድን ነው መሰለኝ።"

"ኧረግ! መሰለኝ ብለህ ነው አናትህ ላይ የተሸከምኸው? ጀግና ይሁን ፈሪ ሳታውቅ?"

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ሳቀች፣ እኔ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ወር ኮፍያውን አደረግሁት፣ ኔት ባለ ቁጥር ደግሞ ስለ ቡድኑ አነበብኩ፣ ዩቲዩብ ላይም ጨዋታዎቹን በቅንጭብ አየሁ። እንግዲህ የሁለቱንም ነገር ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኮፍያው። ለ350 ብር መጥፎ አይደለም። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ ዓይን ያሳርፋል። ከኋላ ማጥበቂያ አለው፤ የኔ ጭንቅላት ተለቅ ያለ ስለሆነ የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ነው የምቆልፈው። አናቱ ላይ ያለችው ጨርቅ የለበሰች ቁልፍ በሁለተኛው ሳምንት ወልቃ ጠፋች። አላዘንኩባትም፣ ምን እንደምትሠራም አላውቅ። ከውስጥ ላብ የሚመጠው ጨርቅ ግን ቀጭን ነው፣ ዳገት ከወጣችሁ ላቡ በግንባራችሁ ይወርዳል።

ፎርጅድ መሆኑ ደግሞ ግልጽ ነው። ኦሪጅናሉን የሚሠራው ኒው ኢራ የሚባል ድርጅት ነው፣ ከ1920 ጀምሮ ያለ፣ እሱም ከዚያው ከኒውዮርክ ግዛት፣ ቡፋሎ ከምትባል ከተማ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱብኝ።) ተጫዋቾቹ የሚያደርጉት ዓይነት ማጥበቂያ የለውም፣ እንደ ጫማ በቁጥር ነው የሚገዛው። እዚያ አገር አንዱ ከ40 ዶላር በላይ ነው። እሱን በብር አባዙና እኔ ለምን መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ እንደምገዛ ይገባችኋል።

ኦሪጅናሉ ከኋላው ዱላ ይዞ የቆመ ሰው ምስል አለው፤ ከ1969 ጀምሮ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ምልክት ነው። የኔ ኮፍያ ላይ ሰውየው አለ። ዱላው ግን የለም። የጠለፈው ሰው ክር አልቆበት ይሁን ሰልችቶት እንጃ፣ ሰውየው ባዶ እጁን ቆሟል።

ትልቁ በደል የደረሰብን በማጠብ ነው። ክረምት ላይ የማርቆስ ጭቃ ሲለጠፍበት በኦሞ ዘፈዘፍኩት። እኅቴ ደግሞ ሳታይ ነጠላዋን እዚያው ሳፋ ውስጥ ጨመረችው። ነጠላው ሰማያዊ ሆነ። ጥለቱ ሳይቀር! ለአንድ ሳምንት አላናገረችኝም። ግንባሩ ውስጥ ያለውም ካርቶን ነው መሰለኝ ውኃ ሲነካው እንደ ራሰ ድፎ ልፍስፍስ አለ፣ ሲደርቅም ወደ ግራ ተጣመመ። ስለዚህ ምክሬ፦ አትዘፍዝፉት። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ለብቻው። ነጠላ ካለበት ቤት ደግሞ ባይገባ ይመረጣል።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ። ጀግና ነው ፈሪ?

ክለቡ ኒውዮርክ ያንኪስ ይባላል። ቤዝቦል ነው የሚጫወተው። በዋንጫ ብዛት ከሆነ ክርክር የለም፣ አንደኛ ነው። የአሜሪካ ቤዝቦል የመጨረሻው ዋንጫ ወርልድ ሲሪስ ነው፣ ያንኪስ 27 ጊዜ በልቶታል። ሁለተኛው ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ነው፣ 11 አለው። ከሥሩ ቦስተን ሬድ ሶክስ፣ አትሌቲክስና ዶጀርስ ዘጠኝ ዘጠኝ ይዘው ተሰልፈዋል። ልብ በሉ፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብትደምሩ እንኳ አንደኛው ላይ አይደርሱም።

ለአጎቴ ቤዝቦልን ያስረዳሁት ከገና ጨዋታ ጋር እያመሳሰልኩ ነው። በገና ሩሯን እየመታህ ወደ ተቃራኒ ትነዳለህ። በቤዝቦል ግን የዚያኛው ቡድን ሰው ይወረውርብሃል፣ አንተ በዱላ ትመታና ትሮጣለህ፤ አራቱን ማዕዘን ዞረህ ከተነሣህበት ስትመለስ አንድ ነጥብ። ከአጥር አሻግረህ ከመታሃት ሆም ራን ይባላል፣ እየተንሸራሸርክ ነው የምትዞረው።

"ሲሮጥ ዱላውን ይዞ ነው?"

"አይ፣ ጥሎት ነው የሚሮጠው።"

"ዱላውን ጥሎ?" አለ፣ አጠገቡ ያለውን የራሱን ዱላ አየት አድርጎ። ይኼን ነገር እስካሁን አልተዋጠለትም።

ክለቡ ድሮ ይኼ ስም አልነበረውም። በ1903 ኒውዮርክ ሲገባ ሃይላንደርስ ነበር የሚባለው፣ ደገኞች እንደማለት ነው፣ ሜዳው ከፍታ ላይ ስለነበር። ያንኪስ የሚለው በይፋ የጸደቀው በ1913 ነው። እኛስ መንቆረር ብለን ጀምረን አይደል ማርቆስ የገባነው። ደገኞች የሚለው ቢቀር ኖሮ ኮፍያው ለጮቄ ሰው የበለጠ ይገባው ነበር።

ፊደሉ ራሱ ከቡድኑ ይቀድማል፣ ይኼን ሳነብ ገርሞኛል። በ1877 የኒውዮርክ ፖሊስ በሥራ ላይ ሳለ በጥይት ለቆሰለ አንድ ባልደረባው ሜዳሊያ አሠራ፣ ያሠራው ቲፋኒ የሚባለው የጌጣጌጥ ቤት ነው፣ ኤን እና ዋይን ያቆላለፉትም እነሱ ናቸው። ከዚያ በ1909 ቡድኑ ምልክቱን ወሰደው፤ ከባለቤቶቹ አንዱ የቀድሞ የፖሊስ አዛዥ ነበር። እንግዲህ ረዳቶቻችን አናታቸው ላይ ይዘው "ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ የሞላ!" የሚሉት የቆሰለ ፖሊስ ሜዳሊያ ነው። ትራፊክ ሲያስቆማቸው ቢነግሩት ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

ጀግንነቱ የመጣው ግን ከግዢ ነው። ቤብ ሩት የሚባል ሰው ነበር፣ የቦስተን ተጫዋች። በ1919 ማለቂያ ላይ ቦስተን በ100 ሺህ ዶላር ሸጠው፣ ገዢው ያንኪስ። በዚያን ጊዜ ቦስተን 5 ዋንጫ ነበረው፣ ያንኪስ ምንም። ከዚያ ምን ሆነ? ያንኪስ በ1923 የመጀመሪያውን በላ፣ አላቆመም። ቦስተን ከ1918 እስከ 2004 አንድም አላገኘም። 86 ዓመት! ሰዉ የሩት እርግማን ነው ይል ነበር። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ጠበል ተወስደው፣ ደብተራ ተጠይቆ፣ በሁለት ዓመት ያልቅ ነበር እላለሁ። ሩት በ1927 ብቻ 60 ሆም ራን መታ፣ በጠቅላላ 714 ላይ ነው ያቆመው።

ከሩት ኋላ የሚመታው ሉ ጌሪግ ነበር። የኔ ሰው እሱ ነው። 2,130 ጨዋታ ሳያርፍ ተከታትሎ ተጫወተ፣ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው፣ አንድ ቀን ሳይቀር። በ1939 ጉልበቱ ከዳው፤ ጡንቻን የሚያዝዘውን ነርቭ የሚገድል በሽታ ነበር፣ አሜሪካኖች እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠሩታል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ፣ 37 ዓመቱ ነበር። የሱን 4 ቁጥር ማልያ ማንም እንዳይለብሰው አደረጉ፣ በቤዝቦል የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ሌላውንም ጀግና እንዲሁ እያደረጉ ዛሬ ከ1 እስከ 9 ያለው ቁጥር ሁሉ አልቋል። ማልያው ላይ ደግሞ የተጫዋች ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ይኼ ነገራቸው ደስ ይለኛል። ስምህን ትተህ ግባ ነው።

ዲማጂዮ፣ ማንትል፣ ቤራ… ሁሉን ብዘረዝር ትሰላቻላችሁ። ዮጊ ቤራን ብቻ ልጥቀስ፣ በተጫዋችነት 10 ዋንጫ የበላ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከቦስተን ክለብ ይበልጣል።

እስከዚህ ድረስ ኮፍያዬን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው። ከዚያ ዓመቶቹን መቁጠር ጀመርኩ፣ ባልቆጠርኩ ይሻል ነበር።

ከ27ቱ ዋንጫ 20ው የተበላው እስከ 1962 ባለው ጊዜ ነው። ያን ዘመን አብዛኛውን ጊዜ በጠቅላላ 16 ክለብ ብቻ ነበር፣ በሁለት ሊግ የተከፈለ። ከስምንት ክለብ አንደኛ ከወጣህ ቀጥታ ፍጻሜ ነው። ዛሬ 30 ክለብ አለ፣ 162 ጨዋታ ተጫውተህ ገና ጥሎ ማለፍ ይጠብቅሃል። ከ1962 ወዲህ የመጣው ሰባት ነው። ከ2000 ወዲህ ያለው ደግሞ አንድ፣ የ2009ኙ። በቃ።

ይኼን ዲኤስቲቪ ቤት ለሚያገኘኝ የማንቼ ደጋፊ ጓደኛዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ሰማኝና፣ "የኛው ናቸዋ!" አለ። 20 የሊግ ዋንጫ፣ የመጨረሻው 2013። እውነትም ያው ናቸው። ቤት ውስጥ ጋሻና ጦር ተሰቅሏል፣ የአያት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ የልጅ ልጁ ግን ውሻ ሲጮህ አይወጣም።

ብር አጥተው ነው እንዳትሉ። ጆርጅ ስታይንብሬነር የሚባል ባለሀብት ከሸሪኮቹ ጋር በ1973 ሲገዛው ዋጋው ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ዛሬ ክለቡ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይገመታል፣ በቤዝቦል የሱን ያህል የሚያወጣ የለም። ይኼ ሰውዬ ኃይለኛ ነበር አሉ። ተጫዋች ጢሙን እንዳያሳድግ የሚል ደንብ አወጣ፣ ከላይኛው ከንፈር በላይ ካለው በቀር። ደንቡ የላላው በ2025 ነው። አጎቴ ሲሰማ ጢሙን ዳሰስ አደረገና "እኔን ሊያጡኝ ነበር" አለ።

ሌላም ቅር ያለኝ ነገር አለ። ይኼን ኮፍያ በዓለም ያስለመዱት ባብዛኛው ጥቁሮች ናቸው፤ ራፐሩ፣ የሰፈሩ ልጅ፣ ፊልም ሠሪው ስፓይክ ሊ፣ እሱ ነው በ1996 ድርጅቱን ለምኖ ቀይ ቀለም ያሠራው። ክለቡ ግን የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች፣ ኤልስተን ሃዋርድን፣ ያሰለፈው በ1955 ነው። ሊጉን ለጥቁሮች የከፈተው ጃኪ ሮቢንሰን ለዶጀርስ ከተሰለፈ ከስምንት ዓመት በኋላ። ያን ሁሉ ዋንጫ ሲበሉ ደጁ ተዘግቶ ነበር። ስመዝናቸው ይኼንንም እቆጥርባቸዋለሁ።

እና የ2024ቱ። በወርልድ ሲሪስ ፍጻሜ ከዶጀርስ ጋር ተገናኙ። ዶጀርስ ማለት ገበያው ላይ ኤል ኤ የሚለው ኮፍያ ነው፣ እዚያው ሸራ ላይ ከኤን ዋይ ጎን በተመሳሳይ ዋጋ ይሸጣል። ከዚያ በፊት 11 ጊዜ ተገናኝተው ያንኪስ 8 ጊዜ ረትቷል። እዚያ ማታ አንድ ሰዓት የሚጀምር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ እንኳን እኔ ዶሮም አይነሣም፣ ስለዚህ ጨዋታውን ኋላ ነው ያየሁት። አምስተኛው ጨዋታ፣ ገና ሳይጋመስ ያንኪስ 5 ለ 0 ይመራል። የዛሬው ጀግናቸው አሮን ጀጅ ነው፣ ሁለት ሜትር የሚሆን ሰው፣ በ2022 62 ሆም ራን የመታ። ቀላል ኳስ፣ ሕፃን የሚቀልባት፣ ወደሱ መጣች። እጁ ገባች፣ አመለጠችው። ከዚያ ሌላው በስሕተት ወረወረ። ወርዋሪው ደግሞ መሮጥ ሲገባው ቆሞ በእጁ አመለከተ፣ አንተ ያዛት እንደማለት፤ ያኛውም ቆመ። በዚያ አንድ ዙር 5 ለ 5 ሆኑ። 7 ለ 6 ተሸነፉ። ፍጻሜው በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1 አለቀ።

በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ ኤል ኤውን አንሥቼ አየሁት፣ አልዋሽም። መለስኩት።

ከዚያ ፍጻሜ ብዙም ሳይቆይ ጁዋን ሶቶ የሚባለው ምርጥ ተጫዋቻቸው ጥሏቸው ወደ ጎረቤታቸው ሜትስ ሄደ፣ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር። በ2025 ደግሞ ገና ከፍጻሜው ሁለት ደረጃ ሲቀረው በቶሮንቶ ተሸኙ፣ ዋንጫውን ያው ዶጀርስ ደገመው።

ለሚገዛ ሰው ስለ ሜትስ አንድ ነገር። ገበያ ላይ ፊደሉ ብርቱካናማ፣ ጨርቁ ደመቅ ያለ ሰማያዊ የሆነ ኤን ዋይ ካያችሁ ያ ያንኪስ አይደለም፣ ሜትስ ነው፣ በ1962 የተመሠረተ፣ ሁለት ዋንጫ ብቻ ያለው። ሻጩ አያውቅም፣ "ያው ነው" ነው የሚላችሁ። ያው አይደለም! ነጭ በጠቆረ ሰማያዊ ነው ዋናው። ቀይ ወይም ሌላ ቀለም ስለሆነ ብቻ ግን ፎርጅድ ነው አትበሉ፣ ከስፓይክ ሊ ወዲህ በየቀለሙ ይሠራል። ፎርጅድነቱን የምታውቁት ከክሩ ነው፤ የኦሪጅናሉ ፊደል ከጨርቁ ከፍ ብሎ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የኔው ግን የኤን እግር ላይ ክሩ ተንዠርግጓል፣ ስትስቡት ይከተላችኋል። እንዳትስቡት። እኔ ስቤ ግማሽ ዋይ አጥቼ ነበር፣ በመርፌ መልሼ ሰፋሁት።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ኮፍያው ከአምስት ሦስት። ለፀሐይ አሪፍ፣ ለዝናብ ውድቀት፣ ለማጠብ ጠላት። ክለቡን በታሪክ አንደኛ ብዬ አስቀምጠዋለሁ፣ ከ27 ጋር አልከራከርም፣ ጌሪግ ብቻ ይበቃኛል። በዛሬ አቋሙ ግን ከዶጀርስ ሥር ነው፣ ራቅ ብሎ ሥር።

ይኼን ሁሉ ለአጎቴ የነገርኩት ለገና መጥቶ ነው። ጠላውን እየጠጣ ረጋ ብሎ ሰማ። "አያታቸው ጀግና ነበር በለኛ" አለ። ከዚያ ኮፍያውን ከራሴ ላይ አነሣው፣ አገላበጠው፣ ከኋላ ያለውን ሰውዬ አገኘው። ዓይኑ ጋ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው።

"ዱላው የታለ?"

"ጥልፉ ተሳስቶ ነው ጋሼ። ፎርጅድ ነው።"

"ምን ተሳስቶ! አንተ አይደለህ እንዴ መትቶ ጥሎ ነው የሚሮጠው ያልኸኝ?" አለና አናቱ ላይ ደፋው። ሲሄድም አላወለቀውም። አሁን አማኑኤል ማዶ ውቂያ ላይ ነው አሉ፣ ግንባሩ ወደ ግራ እንደተጣመመ። እኔ ሌላ ልገዛ ስሄድ ልጁ 500 ብር አለኝ።